በጥቁር ሰም ያነሳሁት የእጅ ጽሑፍ

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት መቃብሩ ዘንድ የነበርነው ስድስት ሰዎች ነን። እኔ፤ ስድስት ዓመት የሞላት ልጄ፤ ልብሷን የማጥብላትና ቤቷን የማጸዳላት ፈረንጅ መምህርት፤ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ ጫማ የሚሰፉት፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው ሰውዬ፤ አጽም ሲነሳ እንዲጸልዩልኝ የለመንኳቸው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፤ አካፋውን ተደግፎ የሚጠብቀው መቃብር ቆፋሪ። ሌላ ሰው አልነበረም። በደንብ የማስታውሰው ለስድስት ሰው የሚሆን ሙዝ ቆጥሬ ይዤ ስለነበር ነው። የጠራሁት ሰው ሳይቀምስ እንዳይሄድብኝ ሁልጊዜ እሰጋለሁ።

ሰኞ ዶዘር ሊገባ ነበር። ወደ ላንቴ የሚወስደው መንገድ ሲሰፋ ዳር ያለችው ትንሿ መቃብር ስለምትነካ፣ አጽም የሚያነሳ ሰው እስከ እሑድ እንዲያነሳ ተነግሮናል። የመጀመሪያ ልጄ እዚያ ናት። አጽሟ አዲሱ ቦታ ሊያርፍ ነው፤ እሱን ለምጄዋለሁ። ያልቻልኩት የሲሚንቶውን ነገር ነው። በዚያ ሲሚንቶ ላይ ያለው ጽሑፍ የባለቤቴ እጅ ነው። ሌላ የእሱ ጽሑፍ በዓለም ላይ የለኝም፤ ያለ እሱ ደግሞ ባለቤቴን የምፈልግበት መንገድ ሁሉ ይዘጋል። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ባለቤቴ ግንበኛ ነበር። ልጃችን በወባ ስትሞትብን ድንጋይ ደርድሮ በላዩ ስስ ሲሚንቶ አፈሰሰና ሳይደርቅ በሚስማር ጻፈበት። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ ለእኔና ለእሱ ይበቃናል። ከስሟ በፊት «ልጃችን» ይላል፤ ከስሟ ቀጥሎ አራት ነጥብ አድርጎ «ሦስት ዓመት ከአራት ወር። እናትና አባትሽ አንረሳሽም።» ይላል። ሲጀምር ፊደሉን ስላገዘፈው መጨረሻ ላይ ቦታ አጠረውና «አንረሳሽም» የሚለው ተጨናንቆ ወደ ታች ወርዷል። ገመድ ሳይወጥር አንዲት ድንጋይ የማያስቀምጥ ሰው የዚያን ቀን ገመድ አልወጠረም።

በዓመቱ ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። እኔ ሁለተኛዋን እርጉዝ ነበርኩ። ከሰሜን አንድ ደብዳቤ ላከልኝ። በሳጥን ውስጥ ከመጽሐፍ ቅዱሴ ጋር አስቀመጥኩት፤ ሳጥኑን ግን መሬት ላይ ማድረጌ ጥፋቴ ነው። ምስጥ ከሥር ገብቶ ደብዳቤውን ጨርሶ የመጽሐፉን ሽፋን ሲጀምር ነው የደረስኩት። ከዚያ ወዲህ ያለኝን ሳጥን ሁሉ ድንጋይ ላይ አስቀምጫለሁ፤ በየሳምንቱም ከሥር አጎንብሼ አያለሁ። የሚበላው ግን ተበልቷል።

መንግሥት ሲለወጥ ወታደሩ ተበተነ። በእግሩም በመኪናም የመጣ መጣ። የእኔ አልመጣም። ሞቱን ያየ ሰውም መርዶ አላመጣልኝም። ሳላለቅስም ሳልስቅም አራት ዓመት ሞላኝ።

በአራተኛው ዓመት አንድ የዶርዜ ሸማኔ ገበያ ላይ ጋቢ ሲያሳየኝ ወሬ ጀመርን። የአክስቱ ልጅም ዘምቶ እንደዚሁ አልተመለሰም። ነገር ግን መጨረሻው ላይ ደብዳቤ ልኮ ነበር አለኝ።

«ተምሯል?» አልኩት።

«እሱ? እጁ ከመወርወሪያ ሌላ ይዞ አያውቅም። ጓደኛው ነው የጻፈለት። የአርባ ምንጭ ሰው ነው ይላል ደብዳቤው።»

ከአርባ ምንጭ የዘመተው ብዙ ነው። ሆኖም በማግሥቱ ወደ ዶርዜ ወጣሁ። የልጁ እናት ብቻቸውን ደጃፍ ላይ ጥጥ ይፈትላሉ። በጋሞኛ ሰላም ብያቸው የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ከቤት ገብተው ደብዳቤውን በጨርቅ እንደተጠቀለለ ይዘው ወጡ፤ ፈቱት፤ በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ።

«አንብቢው» አሉኝ፤ «እጅሽን ግን ወደ ኋላ አድርጊ።»

እጄን ወደ ኋላ አድርጌ አነበብኩት። የጻፈው ሰው ስሙን አልጻፈም። «የሚጽፍልኝ የአርባ ምንጭ ወንድሜም ሰላም ይላችኋል» ብቻ ነው የሚለው። ጽሑፉን ሳየው ጎንበስ ብዬ ተጠጋሁት። የእሱ መሰለኝ። ግን የተራበ ሰው በሩቅ ያየው ጭስ ሁሉ ድስት የተጣደበት ይመስለዋልና ዓይኔን አላመንኩትም። ይህን ያህል የምፈልገውን ነገር አይቼ መፍረድ አልችልም።

«እናቴ፣ ለአንድ ቀን ቢያውሱኝ? ከሲሚንቶው ጋር አስተያይቼ እመልሳለሁ።»

«ውሰጂው አትበዪኝ እንጂ የፈለግሽውን ጠይቂኝ።»

«እንግዲያው ይዘውት አብረውኝ ይውረዱ።»

«እኔ ወርጄ ልጄ ቢመጣስ? በሩን ማን ይከፍትለታል?»

ተናድጄ ተመለስኩ። መንገድ ላይ ግን ንዴቴ በረደ። እኔም ብሆን አልሰጥም ነበር። እንግዲህ ደብዳቤው ከተራራው አይወርድም፣ ሲሚንቶው ከመሬት አይነሳም። ባለ ፎቶ ቤቱን ለምኜው መቃብሩን ፎቶ አነሳልኝ፤ ሲታጠብ ግራጫ ነገር ብቻ ነው የወጣው። የሚስማሩ መስመር በጣም ስስ ነው።

በዚያ ሰሞን ነው የመንገዱ ነገር የመጣው።

መምህርቷ ዘንድ ሥራ ከጀመርኩ ያኔ ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ከእንግሊዝ አገር መጥታ እዚሁ የምታስተምር፣ ባል የሌላት፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት። መኝታ ቤቷ ግድግዳ ላይ ከጣሪያ እስከ ወለል የሚደርሱ ሁለት ጥቁር ወረቀቶች ተሰቅለዋል። በአንደኛው ላይ የብረት ልብስ የለበሰ ሰው አንበሳ ረግጦ ቆሟል። በሌላኛው ላይ እጆቿን ለጸሎት የገጠመች ሴት አለች፤ እግሯ ሥር አንገቱ ላይ ቃጭል የታሰረለት ትንሽ ውሻ ተኝቷል። ከውሻው በታች ልጆቿ በቁመት ተሰልፈዋል። ከዳር በጨርቅ የተጠቀለሉ ሁለት ሕፃናት ነበሩ። አቧራ ስጠርግ እሷ ጋ ስደርስ ፊቴን አዞር ነበር።

አንድ ቀን ጠየቅኳት።

«መምህርት፣ ይህች ሴትዮ ማን ናት?»

«ሞተች» አለችኝ። አማርኛዋ ያኔ አጭር አጭር ነበር። «ድሮ። አምስት መቶ ዓመት።»

«ዘመድሽ ናት?»

«አይ፣ አይደለችም።»

«ዘመድሽ ያልሆነች ሬሳ ግድግዳ ላይ ሰቅለሽ እንቅልፍ ይወስድሻል?»

ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና አስረዳችኝ። በአገሯ በድሮ ጊዜ ባለጠጋ ሲሞት ቤተ ክርስቲያን ወለል ሥር ይቀበራል። በላዩ ላይ የነሐስ ሰሌዳ ይደረጋል፤ በነሐሱ ላይ የሟቹ መልክ፣ የልጆቹ ብዛት፣ ስሙ ይቀረጻል። ወረቀት አንጥፈህ በጥቁር ሰም ስታሸው ነሐሱ ላይ ያረፈው ወረቀት ይጠቁራል፣ የተቀረጸው መስመር ነጭ ሆኖ ይቀራል። እነዚህን ያነሳቻቸው ራሷ ናት፤ ልጅ ሆና በብስክሌት እየዞረች፣ በየቤተ ክርስቲያኑ በጉልበቷ ተንበርክካ።

«የተጠቀለሉትስ?» አልኳት።

«እነሱ ሳያድጉ የሞቱ። እናት ግን ቆጠረች።»

ያን ቀን መጀመሪያ ጊዜ ያቺን ሴት ቀና ብዬ አየኋት። መምህርቷ ደግሞ ሌላ ነገር ጨመረች። በጦርነት ጊዜ ብዙ ነሐስ ተነቅሎ ቀልጧል፤ ሰሌዳው ጠፍቶ ወረቀቱ ብቻ የተረፈ አለ።

ስለዚህ የዶዘሩን ወሬ በሰማሁ ጊዜ ከቤቴ በቀጥታ እሷ ዘንድ ነው የሮጥኩት። ልብስ የማጥብበት ቀን አልነበረም።

«ሲሚንቶም ይነሳል?» አልኳት ገና ከበሩ።

ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። ከዚያ ሳጥኗን ከፍታ አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ሰምና ሁለት ጥቅል ወረቀት አወጣች። ግቢው ውስጥ የውኃ ቧንቧው ሲሚንቶ ላይ ልጆች ስማቸውን ጭረውበት ነበርና እሱን ሞከርን። ተነሳ! የአንዱ ቦዘኔ ስም እንደ ንጉሥ ስም ነጭ ሆኖ ወጣ። ግን ለዚያች ጭረት ብቻ ከሰሙ ግማሹ አለቀ።

«በአገሬ ይህን ሰም የሚያውቁት ጫማ ሰፊዎች ናቸው» አለች። «ተረከዝ ያጠቁሩበታል።»

ጫማ ሰፊ እኛም አለን። አባባ ጋ ሄድኩ። የተረፈችውን አሳየኋቸው፤ አሸተቷት፤ በጥፍራቸው ጫሯት፤ ምላሳቸውንም አስነኳት።

«ሰምና ጥቀርሻ ነው፤ ሞራም አለበት» አሉ። «ለዚህ ነው ከፈረንጅ አገር ድረስ የሚመጣው?»

«ይሠሩልኛል አባባ?»

«ልጄ፣ እኔ ይህን ስሠራ ፈረንጅሽ አልተወለደችም። ክሬን የምቀባው በዚህ ነው፤ ለመቃብር ይሆናል አላልኩም እንጂ።»

የደጋ ማር ሰም አምጥቼ፣ የኩራዝ ጥቀርሻ ከቆርቆሮ ላይ ጠርጌ ሰጠኋቸው። የመጀመሪያው በሙቀታችን እጅ ላይ ቀለጠ። የአርባ ምንጭ ፀሐይ የእንግሊዝ ፀሐይ አይደለችም። ሞራውን ቀንሰው ሁለተኛ ጊዜ ሠሩ። ጠንከር አለ። በአሮጌ ጋዜጣ ላይ ሞክሬ፣ ደግሜ ሞክሬ፣ አመንኩ።

ሁሉ ተሰናዳ። የቀረኝ ነገር አልነበረም። እኔ ግን የቀረ ነገር ሳይኖር ሲቀር እጨነቃለሁ።

አርብ ከሰዓት ብቻዬን መቃብሩ ዘንድ ሄድኩ። ሲሚንቶው በድንጋይ ሽበት ጠቁሯል፤ ወፍ ጥላበታለች። ነገ ፈረንጇ ይህን ልታይ ነው። በእነሱ አገር የሙታን ስም በሚያበራ ነሐስ ላይ ነው፤ የእኔ ልጅ ስም በወፍ ኩስ ሥር ነው። ሽማግሌውም ይመጣሉ። እናትየው ረስታታለች ይላሉ። መምህርቷ በመጥረጊያ ብትጠርጊው ይበቃል ብላኝ ነበር፤ ለእኔ አልበቃኝም። በእኛ ሰፈር ለበዓልም ለሠርግም ለሐዘንም ቤትን ሰው ፊት የምናቀርበው ኖራ ቀብተን ነው። ከግድግዳችን የተረፈ ኖራ ነበረኝ። ጠረግኩ፤ አጠብኩ፤ ቀባሁ። ሳሳብኝ። ደገምኩት። የብሩሹን ጫፍ እየሰነቀርኩ ጎድጓዳውን ሁሉ ሳይቀር አዳረስኩት። ስጨርስ ከሩቅ እንደ እንቁላል ነጣ። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

ቅዳሜ ጠዋት እንግዲህ ስድስታችን ተሰበሰብን። ወረቀቱን አነጠፍን፤ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ነበርና ሦስቱን ማዕዘን በድንጋይ፣ አራተኛውን በልጄ መቀመጫ ያዝነው። መምህርቷ «ቀስ፣ ከላይ ወደ ታች» አለችኝ። ሰሙን በወረቀቱ ላይ መሳብ ጀመርኩ። ጥቁር ወጣ። ጨመርኩ። ጥቁር። እስከ መሐል ወረድኩ። ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ብቻ ነው።

«እማዬ» አለች ልጄ፣ «ሌሊት ነው የሣልሽው?»

መምህርቷ የወረቀቱን ጫፍ ገልጣ ሲሚንቶውን በጣቷ ዳሰሰችው። ጣቷ ነጣ።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ኖራ ነው።»

«መቼ?»

«ትናንት» አልኩ። «ሁለት ጊዜ።»

መሬት ላይ ቁጭ አለች። እኔም ያኔ ገባኝ። ለሰው ዓይን ብዬ የእሱን መስመር ሁሉ በገዛ እጄ ደፍኜዋለሁ። ምስጥ ደብዳቤውን በላ፤ ይህን ደግሞ እኔ። ቀና ስል ሽማግሌው እየተናገሩ ነበር።

«እህቴ፣ ጌታ ያልፈቀደውን አንታገል። ልጅቷ እሱ ዘንድ ናት። ጽሑፍ ምን ያደርግላታል?»

«ለእሷ አይደለም፣ ጋሼ። ለአባቷ ነው።»

«እሱንም ቢሆን…»

«እርስዎ ሽማግሌው» ብለው አባባ አቋረጧቸው፤ «ጫማዎ ሲቀደድ ጌታ ፈቅዶ ነው ብለው በባዶ እግርዎ ይሄዳሉ እንዴ? እኔ ጋ አይደል ሲሮጡ የሚመጡት!»

መቃብር ቆፋሪው ሳቁን መያዝ አቅቶት ፊቱን አዞረ። ሽማግሌው ጫማቸውን አዩ። አባባ ከኪሳቸው ወስፌ አውጥተው ለእኔ ዘረጉልኝ።

«ኖራው ገና አንድ ቀኑ ነው፤ አልከረረም። ቀስ ካልሽ ይወጣል። ካልቸኮልሽ ብቻ።»

መቃብር ቆፋሪውን አየሁት። «ስንት ሰዓት ትቆይልኛለህ?»

«አንቺ እስክትጨርሺ እቆያለሁ። ዶዘሩ ሰኞ ነው፤ ዛሬ አይደለም።»

በጉልበቴ ተንበረከክሁ። ጽሑፍ በሌለበት ዳር ላይ ወስፌውን አስቀድሜ ሞከርኩት፤ ኖራው እንዴት እንደሚሰበር፣ ሲሚንቶው የት እንደሚጀምር እጄ እስኪለይ ድረስ። ከዚያ «ልጃችን» የሚለው ጋ ሄድኩ። ዓይኔን ዝቅ አድርጌ ብርሃኑን በአግድም ሳየው መስመሩ በኖራው ሥር እንደ ጅማት ትንሽ ትንሽ ይታያል። ጫፉን ይዤ ገባሁ።

የፈራሁት አንድ ነገር ነው። ወስፌው ከእሱ መስመር አንዲት ስንዝር፣ ስንዝር አይደለም፣ አንዲት ፀጉር ከወጣ የጻፍኩት እኔ እሆናለሁ። የእኔን ጽሑፍ ዶርዜ ይዤ ሄጄ ከደብዳቤው ጋር ባስተያይ ምን ልሆን ነው? ስለዚህ መስመሩ ሲጠፋብኝ አልገመትኩም። ቆምኩ፤ ዱቄቱን ነፋሁ፤ ከሌላ በኩል መጣሁ። እጄ ሲዝል አንስቼ ጉልበቴ ላይ አደርጋለሁ፤ ሲያርፍ እመለሳለሁ። ልጄ ዱቄቱን በዶሮ ላባ እየጠረገችልኝ አብራኝ ዋለች። እንዲህ እያደረግሁ እሱ ሚስማሩን የት እንደጀመረ፣ የት እንዳነሳ አወቅሁ። «አ»ን ሲጽፍ ቀኙን እግር ያስረዝማል፤ ሊራመድ እንደተነሳ ሰው። አራት ነጥብ ሲያደርግ አራቱን አይለያይም፤ ሁለት ጭረት አጋጥሞ እንደ ትንሽ መስቀል ያደርገዋል። ስንት ዓመት ያንን ድንጋይ ሳየው ይህን አላየሁም ነበር።

ፀሐይ ከፍ አለች። አባባ ሰሙ እንዳይቀልጥ ውኃ ጣሳ ውስጥ ነከሩት። ጀርባዬ ላይ ሙቀቱ ቀዝቀዝ ሲልልኝ ቀና ብዬ አየሁ፤ ሽማግሌው ጃንጥላቸውን ዘርግተውልኝ ቆመዋል። ሙዙን ተከፋፈሉ፤ የእኔን ልጄ ልጣ አጎረሰችኝ።

«አንረሳሽም» ጋ ስደርስ «ረ» አልወጣልኝም። እዚያ ጋ ኖራው ወፍራም ሆኖ ነበር፤ ሥሩ ያለው መስመር ደግሞ ቦታ ስላጠረው ስስ አድርጎ የጫረው ነው። ብዙ ሞከርኩ።

«ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ እኮ» አለች መምህርቷ። «ጨርሺው።»

«የእኔ "ረ" ምን ያደርግልኛል?» አልኳት። «ይቅር። ክፍት ይሁን።»

ተመለከተችኝና ራሷን ነቀነቀች። የሚነሳው ነሐስም ቢሆን የተሰበረ ሲያጋጥማት ባዶውን እንደምትተወው በኋላ ነገረችኝ።

አንድ ወረቀት ነው የቀረን። እሱ ከተበላሸ ሌላ የለም። ድንጋዩን በላባም በጨርቅም አጸዳሁ፤ በጣቴ ፊደል በፊደል ዳሰስኩ፤ ከዚያ አነጠፍነው። ሰሙን ከውኃው አውጥተው አድርቀው ሰጡኝ። በጃንጥላው ጥላ ውስጥ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የ«ል» አናት ነጣ። ከዚያ «ጃ»። ከዚያ «ልጃችን» ሙሉውን ጥቁሩን ሰንጥቆ ወጣ። ስሟ ወጣ። ዓመቷ ወጣ። ሁለተኛዋ መስቀል ወጣች። ታችኛው ጥግ ላይ ስደርስ ደግሞ የማላውቀው ነገር ወጣ፤ ጎን ለጎን፣ ኖራው ያልሞላቸው ሦስት ሞላላ ነጫጭ ምልክቶች።

«ጣት ነው!» አለች ልጄ። «የአባዬ ጣት ነው?»

«ዶሮ ናት» አሉ አባባ። «እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ዶሮ ሳትሄድ አትቀርም።»

«ዶሮ ብትሆን ትሄዳለች እንጂ አንድ ጊዜ ረግጣ ትበራለች?» አለ ቆፋሪው።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት። «ሰው አጎንብሶ ሲጽፍ ይደገፋል» አሉ በቀስታ። እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዶሮም ሊሆን ይችላል። ልጄ ግን ሦስት ጣቷን እዚያ ላይ አስቀምጣ ስትለካው አልከለከልኳትም።

ወረቀቱን ጠቅልዬ በላስቲክ አስሬ ከደረቴ ጋር ካጣበቅሁ በኋላ ነው «አሁን ይቆፈር» ያልኩት። ቆፋሪው ሲሚንቶውን በመቆፈሪያ ከፍ ሲያደርገው ከሦስት ተሰበረ። ሽማግሌው ጸለዩ። ጸሎታቸው ረጅም ነበር፤ ስለ አባትየውም ለመኑ። በዚያው ቀን የመጀመሪያ ልጄን በአዲሱ ቦታ አሳረፍናት።

ማክሰኞ ዶርዜ ወጣሁ። እናትየው ያው ደጃፋቸው ላይ ነበሩ። ወረቀቱን ምንጣፍ ላይ ስዘረጋው ሸማኔው የእህታቸው ልጅ ከቤት ብቅ አለ።

«ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ጥለት ነው? ሙሉው ጥቁር?»

«ዝም በል አንተ» አሉት። «ሥራህን ሥራ።»

እንደ በፊቱ ደብዳቤውን ራሳቸው ይዘው ከወረቀቱ አጠገብ ቁጭ አሉ። እኔ አላይም አልኳቸው፤ ዓይኔ ለራሱ ያደላል። እርሳቸው ፊደል አይለዩም።

«ፊደል ባልለይም ፈትል እለያለሁ» አሉኝ። «አሥር ሴት የፈተለችውን ቀላቅለሽ ብታመጪልኝ የማን የማን እንደሆነ እነግርሻለሁ። እጅ አይደበቅም። አምጪ።»

ጣታቸውን መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ አኖሩ፤ ከዚያ ደብዳቤው ላይ። ብዙ ጊዜ ተመላለሱ። እኔ የበሩን ምሰሶ ይዤ ቆምኩ።

«ይህቺ እግሯ የረዘመች» አሉ፤ «እዚህም አለች፣ እዚህም አለች። ይህቺ መስቀል የምትመስለው፤ እዚህ ሦስት፣ እዚህ ብዙ።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «አንድ እጅ ነው፣ ልጄ።»

ያኔ ነው ራሴ ጎንበስ ብዬ ያየሁት። አንድ እጅ ነው። እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ደብዳቤውን ሁለተኛ ጊዜ አነበብኩት፤ አሁን የባለቤቴን ድምፅ እየሰማሁ ነው። የተጻፈው እኔ የራሴን ደብዳቤ ካገኘሁ በኋላ ነው፤ ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል፣ ኤርትራ ውስጥ ደቀምሐሬ ሆነው። ያ ማለት እስከዚያ ድረስ ሕይወት ነበረው ማለት ነው። ሁለቱ አብረው ነበሩ ማለት ነው። እናትየው ደብዳቤውን ጠቅልለው ጨርቁን ሲያስሩ እጄን ያዙና «እንግዲህ ስትፈልጊ ሁለቱን ፈልጊ» አሉኝ። እፈልጋለሁ አልኳቸው። ከዚያ ወዲህም ከሰሜን የተመለሰ ወታደር አለ በተባለበት ሁሉ፣ እስከ ምዕራብ ዓባያም፣ ወረቀቴን ይዤ ሄጄ ጠይቄያለሁ። ከደቀምሐሬ ብዙ ሰው በሱዳን በኩል እንደወጣ ነግረውኛል። እዚያ ያያቸው ሰው ግን አላገኘሁም።

አሁን ይህን የምጽፈው ለምታነቡት ሁሉ ነው። ባለቤቴ ግንበኛ ነው፤ አጠር ያለ፣ ጠይም፣ ሲስቅ አፉን በእጁ መዳፍ የሚሸፍን። ግራ ቅንድቡ ላይ ድንጋይ የፈነጠረበት ጠባሳ አለ። መጻፍ ለማይችሉ ጓደኞቹ ደብዳቤ ይጽፍላቸው ነበር። አብሮት አንድ ረጅም የዶርዜ ሸማኔ ነበር። ደቀምሐሬ ወይም ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ቦታ ያያችሁት፣ ወይም ያየውን ሰው የምታውቁ ካላችሁ፣ በሕይወት ካለ የት እንዳለ፣ ከሌለም የት እንዳረፈ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ ባሉት ጫማ ሰፊ በአባባ በኩል እባካችሁ ንገሩኝ።